ከዕውር ፈረስ ሸለቆ የመጣ ፉጨት

ኦታምዋ፣ አዮዋ
ኤፕሪል 29 ቀን 1984

ለአጎቴ ለዊልመር፦

አባቴ ከተቀበረ ከስምንት ዓመት በኋላ ጽፌ መልስ አገኛለሁ ብዬ አልጠበቅሁም ነበርና ፖስታዎን በር ላይ ቆሜ ነው የቀደድኩት። ጉልበትዎ ከማስቸገሩ በቀር ደህና መሆንዎን በማወቄ ደስ ብሎኛል። እኛም ደህና ነን። እናቴ የእርስዎን ስም ሳነሳባት ተነስታ ወደ ጓዳ ሄደች፤ ግን እዚያው ሆና "ሰላም በይው" ብላለች።

"የሁለት ልጆች እናት ሆነሽ ኤልክ አደን ምን አመጣብሽ?" ላሉኝ፣ ያመጣብኝ ባዶው ማቀዝቀዣዬ ነው። ባሌ ዳሪል የሚሠራበት የትራክተር ፋብሪካ ከገና በኋላ ሠራተኛ ሲቀንስ እሱንም ቀነሰው። እኔ ሥጋ ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሰው የሚበላውን ሥጋ ስበልት እውላለሁ፤ ማታ ለልጆቼ ባቄላ አቀርባለሁ። አንድ ኤልክ ብጥል ክረምቱን እንወጣዋለን። ከዳሪል ጋር ስድስት አጋዘን በቀስት ጥያለሁ። ኤልክ ግን ፈረስ የሚያህል አጋዘን ነው ሲሉ ከመስማት በቀር በዓይኔ አላየሁም።

"ከማን ጋር?" ላሉት ብቻዬን ነኝ። ዳሪል ልጆቹን ይይዛል። የአደን መሪ የምቀጥርበት አቅም የለኝም። አባቴ ያድንበት የነበረው የዕውር ፈረስ ሸለቆ የመንግሥት ደን ስለሆነ ለመግባት አይከፈልበትም፤ ስለዚህ ሴፕቴምበር ላይ እዚያ ነው የምሄደው። አባቴ የሞተበትን ቦታም አንድ ቀን ማየት አለብኝ፤ የት ላይ እንደሆነ ይንገሩኝ።

የሚያስፈልገኝን ነገር ይጻፉልኝ። ያለ ምን መሄድ እንደምችልም ይጻፉልኝ። ሁለተኛው ዝርዝር ቢረዝም ደስ ይለኛል።

ጆሊን


ሚከር፣ ኮሎራዶ
ሜይ 13 ቀን 1984

ለጆሊን፦

ሰላምታሽ ደርሶኛል። የእናትሽ የጓዳ ሰላምታም ደርሶኛል፤ ከዚያች ሴት ይህም ብዙ ነው።

የቀስት ፈቃድ ግዢ፤ በቀስት ወንዱንም ሴቷንም መጣል ይቻላል። ወንዱን ካልጣልኩ ብለሽ አትድረቂ፤ ቀንድ አይቀቀልም። ልብስሽ ሱፍ ይሁን፤ የወታደር አሮጌ ልብስ የሚሸጥበት ሱቅ አታጪም። አዲስ ጫማ እንዳትገዢ፣ ያለሽን ሰም ቀቢው። የሥጋ ከረጢት ብለው የሚሸጡት የአልጋ አንሶላ ነው፤ አሮጌ አንሶላሽን ራስሽ ስፊው። ምግብሽ አጃ፣ ባቄላ፣ የለውዝ ቅቤ። ቢላዎችሽ ከእኔ እንደሚሻሉ አልጠራጠርም።

ከሁሉ በላይ ጀርባሽን አሠልጥኚ። አሸዋ በከረጢት ተሸክመሽ ደረጃ ውጪ፣ ውረጂ። ኤልክ መግደል የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ አደኑ መሸከሙ ነው። ሥጋው ማቀዝቀዣ እስኪገባ ድረስ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ወደ ዕውር ፈረስ ግን አትሂጂ። ኤልክ ከለቀቀው ቆይቷል። በግ ወንዝ የሚባለው ቦታ ይሻልሻል፤ መኪናሽ እስከ ድንኳንሽ ይደርሳል፣ ሰውም አለ። ስለ አባትሽ ቦታ የጠየቅሽኝን ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። ዛሬ እጄን ቆርጥሞኛል።

ዊልመር


ኦታምዋ፣ ጁን 10 ቀን 1984

ለአጎቴ ለዊልመር፦

ቁርጥማቱ ተሻለዎት? ሌላውን ሁሉ መልሰው፣ ስለ አባቴ ቦታ የጠየቅሁትን ግን ለቁርጥማት ሰጡት።

ደረጃውን እየወጣሁ ነው፤ የፍርድ ቤቱ ሕንፃ አራት ፎቅ አለው። ዳኛው ትናንት አሸዋ ተሸክሜ ሲያየኝ "ክስሽ ነው እንዴ?" አለኝ። አንሶላዎቹን ሰፍቻለሁ። አንዱ አበባ አለበት፤ ኤልኳ ይቅር ትበለኝ።

የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቱ ጋ ደውዬ ስለ ሸለቆው ጠየቅሁ። የመለሰልኝ ልጅ በዚያ አካባቢ ኤልክ እንደ ዕውር ፈረስ የሞላበት የለም አለኝ። አዳኝ ስለማይገባበት ነው አለ። "ለምን አይገቡም?" ስለው ሳቀና "አንድ ጊዜ የገቡት አይደግሙትም፤ ምክንያቱን ግን አይነግሩንም" አለኝ። ኤልኮቹ ለቀውታል ያሉኝ እርስዎ ሌላ ሸለቆ ተምታቶብዎት ይሆን?

አሁን ደግሞ ልመና። የኤልክን ጥሪ እያስመሰሉ የሚያፏጩበት መጥሪያ ቱቦ ዋጋው ከፈቃዱ ጋር ተደምሮ ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ። አባቴ ከኤሌክትሪክ ቱቦና ከጋዝ ጎማ የሠራው፣ በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለው የት አለ? ልጅ ሆኜ በቆሎ ማሳ ውስጥ ይዞኝ እየገባ የእናንተን የወንድማማቾች ምልክት ያስተምረኝ ነበር። አንድ ፉጨትና ሦስት ማጓራት ከሆነ "ድረስልኝ"፤ ሁለት ረጅም ፉጨት ብቻ ከሆነ "ደህና ነኝ፣ አንተ ውረድ።" ዛሬም አልረሳሁትም። ቱቦው ካለ ይላኩልኝ።

ጆሊን


ሚከር፣ ጁላይ 1 ቀን 1984

ለጆሊን፦

ሣጥኑ በአውቶቡስ ተልኳል፤ ጣቢያ ሄደሽ ውሰጂ። የላባ መኝታ ከረጢት (አንድ ቦታ አይጥ በልታዋለች፣ ጠቅሜዋለሁ)፣ የአጥንት መጋዝ፣ ሃምሳ ክንድ ገመድ፣ የጀርባ መሸከሚያ፣ ሁለት የውኃ ኮዳ። መልሺ አልልሽም። እኔ ከእንግዲህ የምሸከመው ራሴን ነው፤ እሱንም በግድ።

ቱቦው ከአባትሽ ከክላይድ ጋር ጠፍቷል። ሌላ አስበጅልሻለሁ፤ እዚህ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ አለ።

የመሥሪያ ቤቱ ልጅ ወረቀት ያውቃል፣ ጫካ አያውቅም። ዕውር ፈረስ ውስጥ የወደቀ ግንድ በግንድ ላይ ተጋድሞበታል፤ እግር ይሰብራል፤ አዳኝ የማይገባው ለዚህ ነው። እኔ ራሴ ከ1976 ወዲህ አንድ ጊዜ ብቻ ገብቼ ነበር። አላደርኩም።

በሰባት ሺህ ጫማ ከፍታ ላይ ትንፋሽሽ የሚያጥር ከሆነ በአሥር ሺህ ጫማ ላይ ራስሽን ያዞርሻል። ውኃ በብዛት ጠጪ። በግ ወንዝ ላይ ለድንኳንሽ የሚሆን ቦታ በካርታ ላይ በቀይ አክብቤልሻለሁ።

ዊልመር


ኦታምዋ፣ ጁላይ 22 ቀን 1984

አጎቴ፦

ሣጥኑ በደህና ደርሷል። ስለ መኝታው ከልብ አመሰግናለሁ። ካርታውንም አይቼዋለሁ።

በጥያቄዬ ካስቀየምኩዎት ይቅርታ፤ ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አይሁንብን። ቱቦው ከአባቴ ጋር ጠፍቷል ያሉኝን ለእናቴ ስነግራት የብስኩት ቆርቆሮዋን ከአልጋዋ ሥር አወጣች። የሸሪፉ ወረቀት እዚያ ውስጥ ነበር። ከአባቴ አካል ላይ የተገኘው ዕቃ በሙሉ ተዘርዝሮበታል፤ ቢላዋ፣ ክብሪት፣ ማበጠሪያ፣ ግማሽ ሳንድዊች፣ ፈቃዱ፣ ቀስቱ፣ አምስት ፍላጻ። ማበጠሪያ ሳይጠፋ ያን የሚያህል ቱቦ እንዴት ጠፋ? እናቴ "ስምንት ዓመት የጠየቅሁት ይህንኑ ነው፤ አንቺ ጠይቂው" ብላ ቆርቆሮውን ከደነች። ለካ ጓዳ የምትገባው ለዚህ ኖሯል።

ሌላም አለ። ከተማችን ውስጥ ቀስት የሚጠግን ሰው አለ፤ ከሁለት ዓመት በፊት ዕውር ፈረስ ሸለቆ ውስጥ ድንኳን ጥሎ ያውቃል። በኦገስት መጀመሪያ፣ ኤልኮች ገና መጥራት ሳይጀምሩ፣ ሁለት ረጅም ፉጨት ሰማሁ አለኝ። እሱ ስለ እናንተ ምልክት ምንም አያውቅም፤ እኔም አልነገርኩትም። "ሰውዬ ነው ብዬ ጠራሁት፤ ዝም አለኝ። ግን አንድ ሰው ‘ወደ ቤትህ ግባ’ ያለኝ መሰለኝ፤ ገባሁ" አለኝ። ቀስቱን መወጠሩን ትቶ እጁን ሲያሻሽ ነበር።

የት ነው ቱቦው?

ጆሊን


ሚከር፣ ኦገስት 12 ቀን 1984

ልጄ ጆሊን፦

ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝም ስላልኩሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። አራት ደብዳቤ ጽፌ አራቱንም ምድጃ ውስጥ ጨምሬያቸዋለሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ ደረሰብኝ። ይህን ሳላነብ እልከዋለሁ።

ቱቦው እኔ ጋ ነው። ዱቄት ዕቃ ውስጥ ነው የማስቀምጠው።

ያን ቀን ጉም ነበር። ጠዋት ከድንኳኑ ወጥተን ተለያየን፤ ክላይድ ወደ ሸለቆው፣ እኔ ወደ ጋራው። እንደ ልማዳችን ነው። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሸለቆው ሁለት ፉጨት ሰማሁ። ደህና ነኝ፣ ውረድ። እኔም በራሴ ቱቦ ሁለት መለስኩና ወደ ድንኳኑ ወረድኩ። ድንች ጠበስኩ። ሁለት ሳህን አቀረብኩ። ከዚያ ብርዱ እንዳይሰማው ብርድ ልብሱን ላራግፍለት ሳነሳው ቱቦው ከውስጡ ወደቀ። ጠዋት ረስቶት ነበር የወጣው።

ገና አልመሸም ነበር፤ ይህን ልብ በይልኝ። ለሌላ ሰው ሁሉ መሽቶ ነበር ብያለሁ፤ ለሸሪፉም፣ ለእናትሽም። ለመውጣት የሚበቃ ብርሃን ነበር። መንገዱ አርባ ደቂቃ ነው። ቱቦውን ይዤ ቆሜ ሳለሁ እንደገና ሁለት ጊዜ ተፏጨ። ወንድሜ እንዳልሆነ አውቄያለሁ። የሚፏጭበት ነገር እጄ ውስጥ ነበር።

ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ድንኳኑን ከውስጥ ቆልፌ ቱቦውን እንዳቀፍኩ ነጋ። በሦስተኛው ቀን ግንድ ሥር ዳሌው ተሰብሮ ሲያገኙት፣ ሐኪሙ እስከ ንጋት ድረስ በሕይወት ሳይቆይ አልቀረም አለ። ለእኔ ብቻ ነው የነገረኝ፤ ለማንም አልተናገርኩም። ስለ ቱቦው ሲጠይቁኝ አላየሁም አልኩ።

ኮርማ ኤልክ ነው ስል ኖሬያለሁ። ኮርማም ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ጊዜ የሚጠራ ኮርማ ሞልቷል። ግን በ1979 ጁላይ ላይ ተመልሼ ሄጄ ነበር። ኤልክ በጁላይ አይጠራም። ያን ምሽት ሁለት ጊዜ ተፏጨ፤ ደህና ነኝ፣ ውረድ። እግሬ አውጪኝ አልኩ።

እንዳትሄጂ የከለከልኩሽ ምሥጢሬን ልደብቅ ብዬ ነው። ከዚያም በላይ ግን እሱ የሚለውን አምነሽ እንዳትወርጂ፣ ወይም ሳታምኚ ወጥተሽ እንዳትቀሪ ነው። የትኛው እንደሚብስ አላውቅም። ለእናትሽ እንደፈለግሽ አድርጊ።

ዊልመር


ኦታምዋ፣ ኦገስት 26 ቀን 1984

አጎቴ ዊልመር፦

ደብዳቤዎን ፋብሪካው በር ላይ፣ መኪና ውስጥ ሆኜ አነበብኩት። ያን ቀን ሥራ አልገባሁም። ለእናቴ ቱቦው እርስዎ ጋ እንዳለ ነግሬያታለሁ፤ የቀረውን ራስዎ ይንገሯት። እኔ የእርስዎን ቀንበር አልሸከምም፤ አሸዋው ይበቃኛል።

ሴፕቴምበር 15 እደርሳለሁ፤ በዕውር ፈረስ ሸለቆ አፍ ላይ ነው ድንኳን የምጥለው። ፈቃዱን ገዝቼዋለሁ፣ ገንዘቡም አይመለስም፣ ልጆቼም መብላት አለባቸው። ኤልኩ ያለው እዚያ ነው። አባቴም የቀረው እዚያ ነው።

"ልምጣ ወይስ ልቅር?" ብለው ከደብዳቤዎ ጋር ለላኩት ትንሽ ወረቀት፣ እኔ አልወስንልዎትም። ከመጡ ድስት ይጠብቃሉ፣ እንጨት ይፈልጣሉ። ስለ አባቴ ግን በዚያ ሳምንት አንድም ቃል እንዳያወሩኝ፤ ካወሩኝ አለቅሳለሁ፣ ካለቀስኩ ደግሞ አላነጣጥርም።

ቱቦውን ይዘው ይምጡ።

ጆሊን


ዕውር ፈረስ፣ ድንኳን
ሴፕቴምበር 20፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት

ጆሊን፦

ሦስተኛውን የሥጋ ጭነት ይዘሽ ወደ መኪናው ከወረድሽ ግማሽ ሰዓት ሆኖሻል። ምስርሽ ድስቱ ውስጥ ነው፤ አሙቂው። የቀረው የኋላ እግር ከጥድ ዛፉ ላይ ተሰቅሏል፤ ጥላ ላይ ስለሆነ ችግር የለውም። ኤልኳን የበለትሽበትን እጅ ክላይድ ቢያይ ቆብ ያወልቅልሽ ነበር። አያውሩኝ ያልሽውን አፈረስኩ፤ በወረቀት ነውና ማሪኝ።

አሁን ያ ነገር ሁለት ጊዜ ጠራ። ትናንት ማታም ጠርቷል፤ አንቺም እንደሰማሽ አውቃለሁ። ሁለታችንም ሾርባችን ላይ አቀርቅረን እንዳልሰማ ሆንን። ጨው ያቀብሉኝ ያልሽኝ ጨው ፈልገሽ አልነበረም።

ልወጣ ነው። ወንድሜ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ያኔም አውቅ ነበር። ስምንት ዓመት ያላለቀልኝ መንገድ አርባ ደቂቃ ነው፤ በእኔ ጉልበት ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። በቀን ብርሃን ካልወጣሁት መቼም አልወጣውም።

ቱቦው ትራሴ ላይ ነው። ስለዚህ ሲፏጭ ብትሰሚ እኔ አይደለሁም። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ካልወረድኩ ብቻሽን እንዳትከተይኝ፤ ወደ ደን ጠባቂዎቹ ንጂ።

አጎትሽ


ኦታምዋ፣ ኦክቶበር 7 ቀን 1984

አጎቴ ዊልመር፦

የሆስፒታሉ ነርስ በእርስዎ ስም የጻፈችልኝ ካርድ ደረሰኝ። "ደህና ነኝ" ይልና ከሥሩ "ለምን ብቻሽን ወጣሽ?" ይላል። ሥራዬን እንዳላጣ ብዬ ገና ዓይንዎን ሳይገልጡ ጥዬዎት ስለሄድኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አሁን በጥያቄዎ ልጀምር።

ማስታወሻዎን ያገኘሁት አሥር ሰዓት ላይ ነው። ደን ጠባቂዎቹ ጋ ደርሶ ለመመለስ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። መንገዱ ላይ ሁለት ቀስተኞች አገኘሁና ማስታወሻዎን ሰጥቼ እነሱን ላክኋቸው። እኔ ወጣሁ። ጀግና ሆኜ አይደለም። ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ መጠበቁ ከመውጣቱ ይልቅ አስፈራኝ፤ እዚያ ተቀምጦ ምን እንደሚኮን ከእርስዎ ተምሬያለሁ።

ስወጣ ሁለት ጊዜ ተፏጨ። ወንዙን ስሻገር እንደገና ሁለት ጊዜ፤ ቀረብ ብሎ። ኤልክ ነው አልኩ። ግንዶቹ ጋ ስደርስ ስምዎን ጠራሁ። ያን ጊዜ ከላይ፣ ከጋራው በኩል "ደህና ነኝ፣ ጆሊን። ውረጂ" አሉኝ። የእርስዎ ድምፅ ነበር። ጉሮሮዎን ጠርገው፣ ልክ ቡና ሲያቀብሉኝ በሚናገሩበት ድምፅ። በፈጣሪ እምላለሁ፣ ደስ ብሎኝ እግሬን ወደ ታች አዙሬ ነበር።

ያስቆመኝ ብልሃት አይደለም። "እንግዲያው አብረን እንውረድ፣ ና ውጣ!" ብዬ ጮህኩ፤ በአንተ ተናገርኩዎት፣ ከድንጋጤ ነው። መልስ የለም። ለደህና ሰው አብሮ መውረድ ምን ይከብደዋል? ስለዚህ መፈለግ ጀመርኩ፤ ቁልቁል በስተግራ፣ ሃያ እርምጃ ርቀት ላይ፣ ግንድ ሥር አገኘሁዎት። ዳሌዎ ተሰብሮ፣ ራስዎን ስተው። ሐኪሙ ከወደቁበት ሰዓት ጀምሮ አንድ ቃል ሊያወጡ አይችሉም ነበር አለኝ። ሁለቴ ጠየቅሁት። እስኪመጡልን ድረስ ከጎንዎ ተኛሁ፤ ብርዱ እንዳይገድልዎት። ከዚያ በኋላ የተፏጨ ነገር የለም።

ብወርድ ኖሮ ማንም አይወቅሰኝም ነበር። በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ደህና ነኝ ብሎኛል፣ እል ነበር። እውነቴንም ነበር። ይህን ሌሊት ሌሊት አስበዋለሁ። ያን ቀን ለምን እንዳልወጡ አሁን ይገባኛል። አልዋሽዎትም፣ ገና ይቅር አላልኩዎትም፤ ግን ይገባኛል። እናቴ ወደ ሸለቆው ከመምጣትዎ በፊት የጻፉላትን ደብዳቤ አንብባለች። በሦስተኛው ቀን ከኤልኳ ጥብስ አንድ ሳህን አስቀርታ ክዳን ከደነችበትና "ይህ ለዊልመር ነው፤ ሲሻለው ይምጣና ይብላ፤ ከዚያ የምለውን እለዋለሁ" አለች። ይምጡ። የምትለውንም ይስሙ።

እጅዎ ሲጠነክር በራስዎ እጅ ይጻፉልኝ። ደህና ነኝ ብለው ግን አይጻፉልኝ፤ እሱን ማንም ሊለው ይችላል። የት ላይ እንደሚያምዎት ይጻፉልኝ።

ጆሊን